የግብር ጥያቄዎቻችሁ፦ ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን ጻፉት

ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታክስ ኦዲት ናቸው። አንዳንዶቹን ሳነብ በጣም አዝናለሁ። ሰውየው እውነት አለው፣ ማስረጃም አለው፣ ግን ቀን አልፎበታል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የምጠቅሳቸው ቀኖችና መቶኛዎች በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የተደነገጉት ናቸው። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የራሳቸው ሕግና የራሳቸው ይግባኝ ሰሚ አላቸው። አካሄዱ ይቀራረባል፤ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የትኛውን አዋጅ እንደሚጠቅስ እዩና ቀናችሁን ከዚያው ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። የሦስት ዓመት ሂሳቤ ኦዲት ተደርጎ 560,000 ብር ክፈል የሚል የውሳኔ ማስታወቂያ ደረሰኝ። ከፊሉ ልክ ነው፣ አብዛኛው ግን ስህተት ነው። ኦዲተሮቹ ጋ ስሄድ “ሰኞ ና፣ እናየዋለን” ይሉኛል። ወረቀቱ ከደረሰኝ ዛሬ 16ኛ ቀኔ ነው። በንግግር ልጨርሰው ወይስ ማመልከቻ ልጻፍ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ይጻፉ ወንድሜ። ሰኞን አይጠብቁ።

በውሳኔ ያልተስማማ ግብር ከፋይ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ያለበት ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ ከታተመው ቀን ሳይሆን ወረቀቱ ለእርስዎ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ስትቀበሉ ቀኑን በራሳችሁ እጅ ጻፉበት የምለው። ቢሮ መመላለስ፣ ስልክ መደወል፣ ከቡድን መሪው ጋር መነጋገር ይህን ቆጠራ አያቆመውም። “ሰኞ ና” ያለዎት ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ሆኖም 21ኛው ቀን ካለፈ እሱም ሊረዳዎት አይችልም። የቀረዎት አምስት ቀን ነው። ታመው ከነበረ፣ ከአገር ውጭ ከነበሩ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለዎት ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱም ቢበዛ 10 ቀን ነው፣ ጥያቄውንም 21 ቀኑ ሳያልቅ በጽሑፍ ያስገቡት።

አሁን ወደ ይዘቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ “የተወሰነብኝ ግብር ከአቅሜ በላይ ስለሆነና የቤተሰብ ኃላፊ በመሆኔ ታይቶ ይስተካከልልኝ።” ይህ ልመና ነው፤ ቅሬታ አይደለም። ቅሬታ የሚባለው የተቃወሙበትን ምክንያት በትክክል ሲገልጹ፣ ምን መስተካከል እንዳለበት ሲናገሩና ለምን እንደሆነ ሲያስረዱ ነው። ስለዚህ የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቀው ይውሰዱ። ከዚያ ግኝቶቹን አንድ በአንድ ይያዟቸው።

በእርስዎ ዓይነት ንግድ ላይ ደጋግሜ የማየው ክርክር የባንክ ገቢ ነው። ኦዲተሩ የባንክ ስቴትመንቱን አውጥቶ እርስዎ ካሳወቁት ሽያጭ ጋር ያስተያየዋል፣ ልዩነቱንም ያልተገለጸ ሽያጭ ነው ብሎ ግብር ይወስንበታል። ነገር ግን በዚያ አካውንት ውስጥ ከወንድም የተበደሩት ብር ይኖራል፣ የዕቁብ ብር ይኖራል፣ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ያዘዋወሩት የራስዎ ብር ይኖራል፣ ደንበኛ ከፍሎ በኋላ ዕቃው ስላልተገኘ የተመለሰለትም ይኖራል። እነዚህን በቀንና በመጠን ለይታችሁ ካላወጣችኋቸው ሁሉም ሽያጭ ሆነው ይቀራሉ። “ይህ 180,000 ብር ሽያጭ አይደለም፤ በዚህ ቀን ከወንድሜ የተበደርኩት ነው፤ የብድር ውሉና የባንክ ዝውውሩ ተያይዟል” ብሎ መጻፍና “ገቢዬ ተጋኗል” ብሎ መጻፍ በጣም ይለያያሉ። ዕቁብ ከሆነ ከዕቁቡ ጸሐፊ የተፈረመበት የመዝገብ ኮፒ ይያዙ። በአዋጁ መሠረት ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነው። ኦዲተሩ ትክክል መሆኑን ያስረዳ ብለው እጅዎን አጣጥፈው ከተቀመጡ ይሸነፋሉ።

ከፊሉ ልክ ነው ብለዋል። እንግዲያው ያልተቃወሙትን ግብር አሁኑኑ ይክፈሉና ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር ያያይዙ። ይህን ሳያደርጉ የቀረበ ቅሬታ ገና ከበሩ ይመለሳል። ሲያስገቡ ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ የእርስዎ ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም ሳይመታበት ከመዝገብ ቤቱ እንዳይወጡ።

ቅሬታውን የሚያየው ኦዲት ካደረገዎት ቡድን የተለየ ክፍል ነው። 180 ቀን ሞልቶ ምንም ውሳኔ ካልሰጠዎት ዝም ብለው መጠበቅ የለብዎትም። ከዚያ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ በቀጥታ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይችላሉ። ይህንንም ቀን ካሌንደር ላይ ያክብቡት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ቅሬታችን ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ለማለት “ግማሹን ከፍላችሁ ኑ” ተባልን። የድርጅቱ ካሽ እዚያ አይደርስም። የምንከራከርበትን ገንዘብ ቀድመን ከከፈልን ክርክሩ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ምሬታችሁ ይገባኛል። ይህ ሕግ ካሽ የሌለውን ነጋዴ ከክርክር ውጭ ያደርገዋል የሚለውን አስተያየት እኔም እጋራለሁ። ግን ሕጉ እስካለ ድረስ በትክክል እንረዳው፤ ምክንያቱም ብዙዎች ከሚገባው በላይ ከፍለው ወይም መክፈል አለብን ብለው ያሰቡት ገንዘብ አስፈርቷቸው ቀርተዋል።

50 በመቶው የሚሰላው ከጠቅላላው ዕዳ ላይ አይደለም። የሚሰላው ክርክር ከተነሳበት ፍሬ ግብር፣ ማለትም ከዋናው ግብር ላይ ብቻ ነው። ቅጣትና ወለድ አይገቡም። ከላይ ያሉትን ወንድማችንን 560,000 ብር ለምሳሌ ልውሰደው። ከዚህ ውስጥ 400,000 ፍሬ ግብር፣ 40,000 ቅጣት፣ 120,000 ወለድ ነው እንበል። ከ400,000 ውስጥ 100,000 ልክ ነው ብለው ከፍለዋል። ክርክር ያለበት 300,000 ነው ማለት ነው። ለኮሚሽኑ ይግባኝ የሚከፍሉት 150,000 ብር ነው፤ የ560,000 ግማሽ 280,000 አይደለም። ልዩነቱ 130,000 ብር ነው! ይህን ስሌት ሳትሠሩ “አንችልም” ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ወደ ኮሚሽኑ የሚኬደው የቅሬታው ውሳኔ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ኮሚሽኑ በ120 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፤ እስከ 60 ቀን ሊራዘም ይችላል። ከተፈረደላችሁ የከፈላችሁት ይታሰብላችኋል ወይም ይመለስላችኋል። ካልተፈረደላችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ክፍያው 75 በመቶ ይደርሳል። በምሳሌያችን 225,000 ብር፤ ማለትም ተጨማሪ 75,000።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ይህንን በደንብ አንብቡልኝ። ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ጥያቄን ብቻ ነው። ደረሰኙ ነበረ አልነበረም፣ ዕቃው ገባ አልገባም የሚለው የፍሬ ነገር ክርክር ኮሚሽኑ ላይ ያልቃል። ስለዚህ “ማስረጃውን ለፍርድ ቤት አስቀምጠነዋል” የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ያላችሁን ሁሉ ከመጀመሪያው ቅሬታ ጀምሮ አውጡት።

ቅጣቱንና ወለዱን ደግሞ ለብቻ ፈትሹ። ግብር አሳንሶ በማሳወቅ የሚጣለው ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው ግብር 10 በመቶ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ 30፣ ለሦስተኛና ከዚያ በላይ 40 በመቶ። የመጀመሪያችሁ ሆኖ ከፍ ያለው ከተሰላባችሁ ይህ ራሱ የቻለ የቅሬታ ምክንያት ነው። ወለድም ከፍሬ ግብሩ መብለጥ የለበትም። ገንዘቡን በአንዴ ማውጣት ካቃታችሁ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘም ወይም በየጊዜው እንድትከፍሉ በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የገንዘብ ፍሰታችሁን የሚያሳይ ወረቀት አያይዙ። ባዶ ልመና አታስገቡ።

ጥያቄ፦ የሕንፃ ተቋራጭ ነኝ፣ ከአዳማ። ከሦስት ዓመት በፊት ብረትና ሲሚንቶ የሸጠልኝ ድርጅት ሐሰተኛ ደረሰኝ አከፋፋይ ነው ተባለ። ቫቱንም ወጪውንም ሰረዙብኝ። እኔ እኮ ዕቃውን ገዝቼ ሕንፃ ሠርቼበታለሁ! ሻጩ ሌባ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ከሚያሙኝ ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። ደረሰኙ የማተሚያ ቤት ስም አለው፣ የታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፣ ሁሉም ነገር ደንበኛ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ ሻጩ በአድራሻው የለም ይባላል፤ መዘዙ ገዢው ላይ ይወድቃል።

መከራከር የሚቻለው ግን እንዲህ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አታደባልቃቸው። አንደኛው ደረሰኙ ሕጋዊ ነው ወይ የሚል ነው። ይህ በዋናነት 15 በመቶውን ቫት ተቀናሽ የማድረግ መብትህን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ዕቃው በእርግጥ ተገዝቶ ሥራ ላይ ውሏል ወይ የሚል ነው፤ ይህ የንግድ ትርፍ ግብር ስትከፍል ወጪ የመያዝ መብትህን ይነካል። ኦዲተሮች ሁለቱን በአንድ መስመር ይሰርዟቸዋል። አንተ ለያይተህ ተከራከር። ደረሰኙ ላይ ብትሸነፍ እንኳ ሕንፃ ያለ ብረት አይቆምም። ለዚህ የሚሆንህ የሥራ ውሉ፣ አማካሪ መሐንዲሱ የፈረመበት የክፍያ ሰርተፍኬት፣ በሥራው ላይ የገባውን የብረትና የሲሚንቶ መጠን የሚያሳየው ስሌት፣ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መረከቢያው፣ የጫነው መኪና ሰነድ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ክፍያው ነው። በባንክ በሻጩ ድርጅት ስም ወደ ተከፈተ አካውንት ካስተላለፍክ ትልቅ ነገር ይዘሃል። ሻጩ የለም ለሚሉህ “ይኸው፣ ባንክ አካውንት ከፍቶለታል፣ ገንዘቡንም ተቀብሏል” ማለት ትችላለህ። በጥሬ ገንዘብ ከፍለህ ዕቃ ስትረከብም ምንም ካልፈረምክ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ይከብድሃል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አዲስ አቅራቢ ስታገኝ ንግድ ፈቃዱንና የቫት ምዝገባውን ጠይቅ፣ የንግድ ፈቃዱን በኢንተርኔት አረጋግጥ፣ ሱቁን ወይም መጋዘኑን በአካል ሂደህ አይ። ከገበያው በታች ዋጋ ሰጥቶህ “ደረሰኙን ሌላ ሰው ያመጣልሃል” ካለህ ሂድበት አልልህም። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፦ ደረሰኙን ያለ ዕቃ፣ ለመቀናነሻ ብቻ የገዛ ሰው ካለ ይህ ምክር ለእሱ አይደለም። ያ ወንጀል ነው፤ እስራት አለው፤ ቶሎ ጠበቃ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ኬክ ቤት አለኝ። ኦዲት ያደረገኝ ሰው “ቀለል አድርገን እናስተካክለው” አለኝና አንድ ሰው ደውሎ የገንዘብ መጠን ነገረኝ። ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትክፈይ እህቴ። ፍርሃትሽ ቢገባኝም አትክፈይ።

ጉቦ የሰጠም የተቀበለም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይጠየቃል። ከዚህ ሌላ በንግድ ዓይን ብቻ እንኳ ብታይው አያዋጣሽም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ውሳኔውን በ5 ዓመት ውስጥ ከፍቶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ካለበት ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ዛሬ “ያስተካከለልሽ” ሰው ነገ ሲዛወር ወይም ሲታሰር ፋይልሽ መጀመሪያ ከሚወጡት ውስጥ ነው። የተደወለልሽን ቀን፣ ሰዓትና የተባለውን ቃል በቃል ጽፈሽ አስቀምጪ። መልዕክት ከላከልሽ አታጥፊው። ለመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አመልክቺ። ከኦዲተሩ ጋር ስትገናኚ ሂሳብ ሠራተኛሽ አብሮሽ ይሁን፣ ያስረከብሽውን ሰነድ ሁሉ ዝርዝር አስፈርሚ። ግብሩ ከበዛብሽ ከላይ የጻፍኩት የ21 ቀን መንገድ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ የማከራየው ቤት አለኝ፤ ወንድሜ በውክልና ነው የሚያስተዳድረው። የግብር ውሳኔ ለተከራዩ ተሰጥቶት፣ ተከራዩ መሳቢያ ውስጥ ከቶት፣ እኛ ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አለቀልን ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አላለቀም። ግን ከባድ ነው፤ አላባብልዎትም።

መጀመሪያ የሚጣራው ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ማድረስ ማለት እጅ በእጅ መስጠት ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻ መተው፣ በር ላይ መለጠፍም ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ፋይሉን ከፍቶ ይይ፦ የተመዘገበው አድራሻ የትኛው ነው? ተቀበለ ተብሎ የፈረመው ማን ነው? ወኪልዎ በፋይሉ ላይ ከነአድራሻውና ከነስልኩ ተመዝግቦ እያለ ወረቀቱ ለተከራይ ከተሰጠ “ለእኔም ለወኪሌም አልደረሰም፤ የደረሰኝ በዚህ ቀን ነው” ብለው ቅሬታዎን ከዚያ ቀን ቆጥረው ያስገቡ። ተከራዩም መቼ እንደሰጣችሁ በጽሑፍ ይመስክር። የተመዘገበው አድራሻ ግን ያው የተከራየው ቤት ብቻ ከሆነና ማንም ለውጡን ካላሳወቀ ክርክሩ ይደክማል። አድራሻን ማሳወቅ የግብር ከፋዩ ግዴታ ነውና።

ውክልናዎንም ያንብቡት። ቤት ለማከራየትና ኪራይ ለመሰብሰብ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ግብር ለማሳወቅ፣ ቅሬታና ይግባኝ ለማቅረብ የሚል ቃል የለበትም ማለት ነው። ኤምባሲው ዘንድ አዲስ ያሠሩ። ዛሬ ካልሆነም በዚህ ሳምንት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ሁልጊዜ በግምት ነው የሚወስኑብኝ። ለእንደኔ ዓይነቱም መከራከር አለ? ደረሰኝስ ስንት ዓመት ነው የሚቀመጠው?

መልስ፦ አለ። ግምትም ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ እስከሆነ ድረስ ቅሬታ ይቀርብበታል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሱቅ የተዘጋበትን ጊዜ ያስታውሱ ይሆናል። ያኔ ብዙ ነጋዴ “በቀን ይህን ያህል አልሸጥም” ይል ነበር። እውነቱን ነበር ይሆናል። “ታዲያ ስንት ትሸጣለህ?” ሲባል ግን የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። የገማች ቃል በነጋዴ ቃል ብቻ አይሻርም። እርስዎ አንድ ደብተር ይግዙ። ማታ ሱቅ ሲዘጉ የቀኑን ሽያጭ፣ የቀኑን ግዢ፣ በዱቤ የወጣውን ይጻፉ። ገበያ የሌለበትን ቀን፣ የታመሙበትን ቀን፣ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ያልገባበትን ሳምንት ሁሉ ይጻፉ። የኪራይ ውልዎን፣ የመብራት ክፍያዎን፣ የጅምላ ነጋዴው የሰጠዎትን ደረሰኝ አብረው ያኑሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ በአንድ እጅ የተጻፈ ደብተር ይዞ የሚመጣ ባለሱቅን ገማቹ በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሰነድን በተመለከተ ግብሩን ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት ያስቀምጡ። ከካሽ ሬጂስተር የሚወጣው ደረሰኝ ግን በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ወይም ላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ደረሰኙን በተቀበሉበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ያስነሱትና ከዋናው ጋር በስቴፕለር አያይዘው በየወሩ በፖስታ ይክተቱት።